ተራራውን ያልተጠየፈ ቤት

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሐረጎን አይረሳም፡፡ ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፡፡ ይሁንና መኪናው ከኮምቦልቻ ሜዳ ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ደሴ እስኪገባ ድረስ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፡፡ ታች በሸሚዝ የተሳፈረ ሰው ላይ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል፡፡ እኔም ባለፈው ክረምት ይህን ዳገት ደጋግሜ ወጥቼዋለሁ፡፡ ያመላለሰኝ አንድ ቤት ነው፡፡

ሙያዬ የቤት ንድፍ መሥራት ነው፡፡ ኮምቦልቻ ውስጥ በንግድ የሚተዳደሩ አንድ አዛውንት ደሴ ዳር፣ ከጦሳ ተራራ በኩል ባለ ተዳፋት ላይ ቦታ አላቸው፡፡ ቤተሰባቸው ቅዳሜና እሑድ የሚያርፍበት፣ እንግዳም የሚቀበሉበት ትንሽ ቤት እንድነድፍላቸው ጠየቁኝ፡፡ ቀጥለውም ስልካቸውን ከፍተው አንድ ፎቶግራፍ አሳዩኝ፡፡ በአልፕስ ተራሮች ላይ የተሠራ፣ የበረዶ ሸርተቴ ተጫዋቾች የሚያርፉበት የእንጨት ቤት ነበር፡፡ ጣሪያው የሾለ፣ ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት፣ ዙሪያው ነጭ በረዶ፡፡ እሳቸው የፈለጉት ይህንኑ ነው፡፡ ለዚህም ሲባል ተዳፋቱ በዶዘር ተቆርጦ ሜዳ እንዲሆን አሳሰቡኝ፡፡

በበረዶ ሸርተቴ የምቀልድ ሰው አይደለሁም፡፡ ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. በቱሪኑ የክረምት ኦሎምፒክ የአገሩን ባንዲራ ይዞ በበረዶ ላይ የሮጠ ኢትዮጵያዊ ነው፡፡ የእኔ ጭንቀት ሌላ ነበር፡፡ በፎቶግራፉ ላይ ያለው ቤት የሚያምረው የራሱን ተራራ ስለሚመስል ነው፡፡ ጣሪያው የሾለው በረዶው እንዲንሸራተትለት፣ ግድግዳው እንጨት የሆነው ጀርባው ጫካ ስለሆነ፣ ከሥሩ ድንጋይ የተነጠፈው እንጨቱ እርጥበት እንዳይጠጣ ነው፡፡ ደሴ ላይ የሚወርደው የሐምሌና የነሐሴ ዶፍ ነው፡፡ ከዶፉ በታች ያለውም በጥቁር ድንጋይ ላይ የተቆለለ ልል አፈር ነው፡፡ የዚያን ቤት መልክ ብቻ ቆርጦ እዚህ መለጠፍ ብልሃቱን እዚያው ትቶ መምጣት ነው፡፡

የምናገረው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው፡፡ ከዓመታት በፊት በሌላ ደጋ ከተማ፣ ደንበኛዬ ሜዳ ስለፈለገ ብቻ ተዳፋት አስቆርጬ ቤት አሠርቼ ነበር፡፡ በሦስተኛው ክረምት ከቤቱ ጀርባ ያለው አፈር ውኃ ጠግቦ ተንሸራተተ፡፡ ሰው አልተጎዳም፤ ወጥ ቤቱ ግን ፈረሰ፡፡ ባለቤቱ አልከሰሱኝም፡፡ ባይከሱኝም እስከ ዛሬ ድረስ ዝናብ በጣለ ቁጥር ያ ግድግዳ ትዝ ይለኛል፡፡

ስለዚህ አዛውንቱን ለጥቂት ሳምንታት እንዲታገሡኝ ለመንኳቸው፡፡ ይህን ተራራ የሚያውቅ ሰው፣ አቅም ቢኖረው እንዴት ይሠራበት ነበር የሚለውን ጥያቄ ይዤ ደሴ ከረምኩ፡፡ ጥያቄዬ ሳላስበው ወደ አንድ ሰው ሕይወት ወሰደኝ፡፡ እኚህ ሰው ንጉሥ ሚካኤል ናቸው፡፡

ከመሐመድ ዓሊ ወደ ሚካኤል

ወሎ የመንገድ አገር ነው፡፡ ከሸዋ ወደ ትግሬ የሚሄድም፣ ከትግሬ ወደ ሸዋ የሚወርድም፣ ከአፋር በረሃ አሞሌ ጭኖ ወደ ደጋ የሚወጣም በወሎ ያልፋል፡፡ ዙፋን የፈለገ ሁሉ ወሎን መያዝ ወይም ከወሎ ጋር መታረቅ ነበረበት፡፡ ለነጋዴ በረከት የሆነው መንገድ ለገዢ ፈተና የሚሆነው በዚህ የተነሣ ነው፡፡

የኋላው ንጉሥ ሚካኤል በ1842 ዓ.ም. ገደማ መሐመድ ዓሊ ተብለው የተወለዱት በዚህ መንገድ ላይ ነው፡፡ አባታቸው ኢማም ዓሊ አባ ቡላ ወረ ሂመኖን ይገዛ ከነበረው የማመዶች ቤተሰብ ናቸው፡፡ ቤተሰቡ ሙስሊም ሲሆን፣ በኢማምነት ማዕረግ ለትውልዶች የወሎን ደጋ ሲያስተዳድር የኖረ ነው፡፡

ሕፃኑ መሐመድ ዓሊ ዓይኑን የገለጠው በጦርነት መካከል ነው፡፡ አፄ ቴዎድሮስ እንደነገሡ የመጀመሪያ ዘመቻቸውን ካደረጉባቸው አገሮች አንዱ ወሎ ነበር፡፡ መቅደላን ይዘው ምሽጋቸው አደረጉት፤ የወሎ ባላባቶችን ልጆችም በመያዣነት ሰበሰቡ፡፡ በ1860 ዓ.ም. በዚያው አምባ ላይ ሕይወታቸውን ሲያጠፉ መሐመድ ዓሊ ወደ አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ የሚሆናቸው ጎበዝ ነበሩ፡፡ ተራራ ምሽግም፣ እስር ቤትም፣ መቃብርም ሊሆን እንደሚችል በጉርምስናቸው ያዩ ሰው መሆናቸው ነው፡፡

ከዚያ በኋላ ያሉት አሥር ዓመታት የመወላወል ዓመታት ናቸው፡፡ ወሎ ውስጥ ለሥልጣን የሚፎካከሯቸው አባ ዋጠው የሚባሉት ዘመዳቸው ነበሩ፡፡ ከደቡብ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ፣ ከሰሜን አፄ ዮሐንስ 4ኛ ይገፋሉ፡፡ መሐመድ ዓሊ አንድ ጊዜ ከምኒልክ ጋር ሲወዳጁ ሌላ ጊዜ ሲጣሉ ቆዩ፡፡ ይህን እንደ ክህደት የሚቆጥረው አለ፡፡ በሁለት ጎርፎች መካከል ቤት የሠራ ሰው ግን ጎርፉን ሳያይ አያድርም፡፡

ውሳኔው የመጣው በ1870 ዓ.ም. ነው፡፡ አፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ ከታረቁ በኋላ፣ ከዛሬዋ ደሴ በስተሰሜን በሚገኘው ቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ ተደረገ፡፡ ጉባኤው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረውን የሃይማኖት ክርክር ዘጋ፡፡ ከዚያም የወሎ ሙስሊም ገዢዎች ክርስትና እንዲነሡ፣ ካልሆነም ሥልጣናቸውን እንዲለቁ ታዘዘ፡፡ መሐመድ ዓሊ ተጠመቁ፡፡ የክርስትና አባታቸው አፄ ዮሐንስ ሆኑ፤ ስማቸውም ሚካኤል ተባለ፤ የራስነት ማዕረግም አገኙ፡፡ ተፎካካሪያቸው አባ ዋጠውም ኃይለ ማርያም ተብለው ሲጠመቁ የክርስትና አባታቸው ምኒልክ ነበሩ፡፡

ይህን ታሪክ በልስላሴ ማለፍ አይቻልም፡፡ ትእዛዙ በገዢዎቹ ላይ ብቻ አላበቃም፤ ሕዝቡም ላይ ወረደ፡፡ ብዙዎች ተሰደዱ፡፡ ሼህ ጦልሐን የመሰሉ ሊቃውንት ሕዝብ አስከትለው ተነሡ፡፡ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆነው ያደሩም እንደነበሩ በየቤቱ ሲነገር ኖሯል፡፡ ራስ ሚካኤል ደግሞ የታዘዙ ብቻ ሳይሆኑ ትእዛዙን ያስፈጸሙም ነበሩ፡፡ በተወለዱበት ሃይማኖትና በተሾሙበት ሃይማኖት መካከል ያለው ሸለቆ ዕድሜ ልካቸውን ከእግራቸው ሥር ነበር፡፡ ኋላ ስላሠሩት አዳራሽ ስናነሣ ይህን ሸለቆ ማስታወስ ያስፈልጋል፡፡

ከድንኳን የተነሣች ከተማ

ደሴ ቀድሞ ላኮመልዛ ትባል ነበር፡፡ አፄ ዮሐንስ በ1870ዎቹ በዚህ ሰፍረው ሳለ በሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ አይተው እንደ መልካም ምልክት ስለቆጠሩት ቦታውን ደሴ፣ ማለትም ደስታዬ ብለው ሰየሙት እየተባለ ይነገራል፡፡ አመጣጧ እንደ ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ከጦር ሰፈር ነው፡፡ ቋንቋችን ራሱ ይህን ይመሰክራል፡፡ ዛሬ የከተማ መንደርን የምንጠራበት ሰፈር የሚለው ቃል ሠራዊት የሚሰፍርበትን ቦታ የሚጠራው ያው ቃል ነው፡፡

ራስ ሚካኤል አስቀድሞ መቀመጫቸው ከመቅደላ ብዙም የማይርቀው ተንታ ነበር፡፡ ኋላ ደሴን ማዕከላቸው አደረጉ፡፡ በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ከተማዋን እንደ ሁለት ክንድ ያቅፏታል፡፡ በመካከል ቦርከና ይወርዳል፡፡ ከታች ኮምቦልቻና የባቲ ገበያ መንገድ አለ፤ ከላይ ወደ ሰሜን የሚያሻግረው በር፡፡ ቆላና ደጋ የሚገናኙበትን ይህን ትከሻ የመረጡ ሰው መልክዓ ምድር ማንበብ የሚያውቁ ነበሩ ለማለት ንድፍ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፡፡

አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ራስ ሚካኤል ወደ ምኒልክ ዞሩ፡፡ የዚያኑ ዓመት ሚያዝያ 25 ቀን፣ እዚሁ ወሎ ውስጥ በምትገኘው ውጫሌ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር ውል ተዋዋሉ፡፡ በዚያ ውል 17ኛ አንቀጽ የተነሣው ጠብ ሰባት ዓመት ሳይሞላ ዓድዋ አደረሰ፡፡

ለዓድዋ ዘመቻ ምኒልክ ሠራዊታቸውን የሰበሰቡት ወረኢሉ ላይ ነው፡፡ ራስ ሚካኤል ከራስ መኮንንና ከሌሎች መኳንንት ጋር ቀድመው ገሥግሠው በኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. የአምባላጌው ድል ተካፋይ ሆኑ፡፡ የካቲት 23 ቀን በዓድዋ ደግሞ የወሎ ፈረሰኛ የጄኔራል ዳቦርሚዳን ብርጌድ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ አግኝቶ ደመሰሰው፡፡ በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ የሚባሉት ራስ ሚካኤል ስማቸው በመላ አገሪቱ የገነነው ያን ጊዜ ነው፡፡ የጣሊያኑ ጄኔራል የጠፋው ወዳልታሰበ ሸለቆ በመግባቱ ነበር፡፡ ፈረሰኞቹ በበኩላቸው ገደልን፣ ዳገትንና ሸለቆን ከልጅነታቸው ያውቁታል፡፡

የጋብቻም ትስስር ነበር፡፡ ራስ ሚካኤል የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ፡፡ ከሌላ ጋብቻ የተወለዱት ወይዘሮ ስኂን ሚካኤል ደግሞ የእቴጌ መነን እናት ናቸው፤ ደሴ የሚገኘው ታዋቂ ትምህርት ቤት በስማቸው ይጠራል፡፡ እንግዲህ የኢማሙ ልጅ የአንድ አልጋ ወራሽ አባት፣ የአንዲት እቴጌም አያት ሆኑ ማለት ነው፡፡

አይጠየፍ

በጊዜው የአንድ ታላቅ ሰው ታላቅነት የሚለካው በግብር ነው፡፡ ግብር ስንል ቀረጥ ማለታችን አይደለም፤ ሠራዊቱ፣ መኳንንቱ፣ ካህኑና ደኃው ተሰብስቦ የሚበላበት ድግስ ነው፡፡ አፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥታቸው ትልቅ የግብር አዳራሽ አሠርተው ነበር፡፡ ንጉሥ ሚካኤልም በደሴ፣ ከፍ ባለው የግቢያቸው ቦታ ላይ የራሳቸውን አሠሩ፡፡ ስሙም አይጠየፍ ተባለ፡፡

ስሙ እንዴት ወጣ ለሚለው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው መልስ አጭር ነው፡፡ አዳራሹ ማንንም አይጠየፍም፤ ጌታም ሎሌም፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም ይገባበታል፤ ይበላበታል፡፡ ወሎን ለማያውቅ ይህ ተራ ነገር ሊመስለው ይችላል፡፡ የክርስቲያን እርድ ለሙስሊም፣ የሙስሊም እርድ ለክርስቲያን በማይሆንበት አገር ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ማብላት ከባድ ዝግጅት ይጠይቃል፡፡ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ወጥ ቤት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለቱንም የሚያከብር ቤት ያስፈልጋል፡፡ ቦሩ ሜዳ ላይ በትእዛዝ የተከፋፈለውን ሕዝብ በማዕድ ለማገናኘት ታስቦ ይሆን? የሰውየውን ልብ ገልጦ ማየት አይቻልም፡፡ የቤቱ ስም ግን እስከ ዛሬ ቆሞ ይናገራል፡፡

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንዳባራ አይጠየፍ ግቢ ቆሜ በሙያዬ ዓይን አየሁት፡፡ ታላቅ ቤት ነው፤ ታላቅነቱ ግን ሽቅብ አይደለም፣ በርዝመቱ ነው፡፡ ከጀርባው ካለው ሰንሰለታማ ተራራ ጋር ቁመት አይፎካከርም፡፡ ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ደሴ ዙሪያ ቆፍረን የምናገኘውን ጥቁር ድንጋይ ቀለም የያዘ፡፡ ከሩቅ ሲያዩት ከጉብታው የበቀለ እንጂ ጉብታው ላይ የተጫነ አይመስልም፡፡ ጉብታ ላይ መሆኑም ለክብር ብቻ አይደለም፡፡ በደሴ ውኃ ከጦሳ ወርዶ ወደ ቦርከና ይገሠግሣል፤ መንገዱ ላይ የቆመን ሁሉ ይገፋል፡፡ ጉብታ ላይ የቆመ ቤት ግን ውኃው ግራና ቀኝ ይሸሽለታል፡፡

ይህን ብልሃት ንጉሡ አልፈጠሩትም፤ አገሬው ቀድሞ ያውቀው ነበር፡፡ በወሎ ደጋ የገበሬው የድንጋይ ጎጆ ከነፋስ ተከልሎ፣ ጀርባውን ለዳገቱ ሰጥቶ ይቀመጣል፡፡ ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ከከሚሴ ወዲያ ያለችውን የአርጎባዎቹን ጥንታዊ መንደር ሾንኬን ያየ ደግሞ የበለጠ ይገረማል፡፡ የድንጋይ ቤቶቹ በኮረብታው ጎን እንደ ደረጃ ተደርድረዋል፡፡ ጣሪያቸው ጠፍጣፋና በአፈር የተደመደመ ስለሆነ ከሩቅ ቤቱና ኮረብታው አይለዩም፡፡ ኮረብታውን ለመደልደል የሞከረ የለም፤ እያንዳንዱ ቤት ወለሉን እዚያው ከቆመበት ከፍታ ጋር አስማምቷል፡፡ በኖርዌይ ተራሮች ጣሪያቸው ላይ ሣር የሚያበቅሉት የድሮ ቤቶችም በሌላ አየር ንብረት የደረሱት እዚሁ መደምደሚያ ላይ ነው፡፡

ሰገሌ

ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ሥልጣኑ ሙሉ በሙሉ በልጅ ኢያሱ እጅ ገባ፡፡ ልጅ ኢያሱ አባታቸውን ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. ደሴ ላይ የወሎና የትግሬ ንጉሥ ብለው አነገሡ፡፡ ያን ዕለት ደሴ ጊዜዋ ነበር፡፡ ከመቅደላ አምባ ጥላ ሥር ያደጉት ሰው በስድሳዎቹ ዕድሜያቸው ከወሎ እስከ መረብ የሚገዙ ንጉሥ ሆኑ፡፡

ደስታው ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ነው የቆየው፡፡ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት ልጅ ኢያሱን እስልምናን ተቀብለዋል በሚል ክስ ከሥልጣን አወረዱ፡፡ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽ ሆኑ፡፡ ልብ በሉ፤ አባት በቦሩ ሜዳ የከፈሉት ዋጋ ልጅየውን ሊያድነው አልቻለም፡፡ አንዴ የተቆረጠ ተዳፋት ከአርባ ዓመት በኋላም ሊንሸራተት ይችላል፡፡

ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዙፋን ለማስመለስ የወሎን ጦር አስከትለው ወደ ሸዋ ወረዱ፡፡ ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ድል አደረጉ፤ ራስ ልዑል ሰገድም ወደቁ፡፡ ነገር ግን ቶሎ ወደ አዲስ አበባ ባለመግፋታቸው የሸዋ ጦር ጊዜ አገኘ፡፡ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ሜዳ ላይ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የመሩት የሸዋ ሠራዊት ገጠማቸው፡፡ እጅግ ብዙ ሰው አለቀ፡፡ ልጅ ኢያሱ ሳይደርሱ ጦርነቱ አበቃ፤ ንጉሡም ተማረኩ፡፡

የዓድዋው ጀግና በሰንሰለት ታስረው በአዲስ አበባ ሕዝብ ፊት አለፉ፡፡ ከዚያ በኋላ ወደ ደሴ አልተመለሱም፡፡ በግዞት ሁለት ዓመት ያህል ቆይተው በ1910 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ዐረፉ፡፡ ዕድሜ ልካቸውን በተራራ ያሸነፉ ሰው የተሸነፉት ሜዳ ላይ ነው፡፡

ከዚያ ወዲህ

ባለቤቱ ቢያልፉም አዳራሹ ቀረ፡፡ ያሳለፈውም ብዙ ነው፡፡ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ጠቅላይ ሰፈራቸውን ደሴ አድርገው ሳለ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ፡፡ በሚያዝያ ወር ጠላት ገባ፡፡ ዛሬ በሐረጎ የምንጠማዘዝበት የአስፋልት መንገድ መሠረቱ የተጣለው በዚያ የወረራ ዘመን ነው፡፡ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ ዳግመኛ ጦርነት አዩ፤ የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ፤ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ተጎዱ፡፡ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ ተመልሶም ከዜሮ ጀመረ፡፡

ዛሬ ደሴን ከአዝዋ ገደል ላይ ሆኖ ቁልቁል የሚያይ ሰው ሁለት ዓይነት ቤት ያያል፡፡ አንደኛው ዳገቱን እየተከተለ ይወጣል፡፡ ሁለተኛው ዳገቱን ቆርጦ፣ ሜዳ አስመስሎ፣ በመስታወት አብረቅርቆ ቆሟል፡፡ ደሴ የመሬት መንሸራተት የሚያሠጋት ከተማ መሆኗን ባለሙያዎች ደጋግመው አጥንተዋል፤ ነዋሪውም ጥናት ሳይጠብቅ ያውቀዋል፡፡ ምክንያቱ ቀላል ነው፡፡ ተዳፋት አፈር በራሱ ክብደትና በሥሩ ባለው ድጋፍ መካከል ተመዛዝኖ ይኖራል፡፡ ከግርጌው ሲቆርጡት ድጋፉ ይቀንሳል፡፡ ከአናቱ ቤት ሲጭኑበት ክብደቱ ይጨምራል፡፡ ክረምት መጥቶ ውኃ ሲሞላው የአፈሩ መያያዣ ይላላል፡፡ ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ የጊዜ ብቻ ነው፡፡

ወደ አዛውንቱ ስመለስ ሁለት ወረቀት ይዤ ነበር፡፡ በአንደኛው የጠየቁኝን ቤት፣ በሁለተኛው እኔ ያሰብኩትን፡፡ የእኔው ቤት በሦስት ከፍታ ወርዷል፤ ወለሎቹ እንደ ሾንኬ ደረጃ ተዳፋቱን ይከተላሉ፡፡ የመጀመሪያው ሥራ መሠረት መቆፈር ሳይሆን ከቤቱ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ማውጣት ነው፡፡ የድንጋይ ግድግዳው የሚሠራው ለመሠረት ስንቆፍር በሚወጣው ድንጋይ ነው፡፡ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ በማያብረቀርቅ ጥቁር ግራጫ ቀለም ይቀባል፤ ዘንበል የሚለውም ዳገቱ በሚዘነብልበት አቅጣጫ ነው፡፡ የቆሙት ጥዶች አይነኩም፡፡ ትልቁ መስኮት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በጠዋት ፀሐይ ወደሚወጣበት ወደ አዝዋ ገደል ይመለከታል፡፡

አዛውንቱ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት፡፡ የጎደለው ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ግን አልነገሩኝም፡፡ እኔ ደግሞ ስለ ንድፉ መከራከሩን ትቼ ስለ ንጉሥ ሚካኤል ነገርኳቸው፡፡ ስለ ቦሩ ሜዳ፣ ስለ አዳራሹ ስም፣ ስለ ሁለቱ እርድ፡፡ እሳቸው ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፡፡ ቤተሰባቸው እንደ ብዙው የወሎ ቤተሰብ ነው፤ እሳቸው ሙስሊም ሲሆኑ የእናታቸው ወገኖች ክርስቲያኖች ናቸው፡፡ በዓል ሲመጣ ግማሹ ዘመድ አስጎብኝቶ ብቻ እንደሚመለስ፣ ምግቡ ላይ ሲደረስ እንደሚሳቀቅ አጫወቱኝ፡፡ ያ ሁሉ ዘመድ በአንድነት ተቀምጦ የሚውልበት ቤት ቢኖራቸው ደስ እንደሚላቸውም ነገሩኝ፡፡

የጎደለው ይህ ነበር፡፡ እዚያው ቁጭ ብዬ በመጨረሻው ወለል ላይ የነበሩትን ሁለት ጠባብ የመኝታ ክፍሎች አንድ ሰፊ ክፍል አደረግኋቸው፡፡ ከግራና ቀኙ ሁለት ወጥ ቤት፣ ለየራሱ ማዕድ ቤትና ለየራሱ ምድጃ አወጣሁለት፡፡ ሰፊው ክፍል ግን በሩ አንድ ነው፡፡ ቤቱን ከተራራው ጋር ማስማማት ስሞክር ለሳምንታት ድንጋይና ውኃ ብቻ ነበር ያየሁት፡፡ ተራራው ላይ የሚኖረው ሰው የተራራው አካል መሆኑን ረስቼ ነበር፡፡ ለአይጠየፍ ሠሪዎች ግን ይህ የገባቸው ይመስለኛል፡፡

አዛውንቱ ዶዘሩን ተዉት፡፡ ከፎቶግራፉ ያልተዉት ነገር አንድ ነው፤ እሱም መስኮቱ ነው፡፡ ከነደፍኩት በአንድ ሜትር እንዲሰፋላቸው ጠየቁ፤ እኔም ተስማማሁ፡፡ ጠዋት ጠዋት ጉም ከኮምቦልቻ በኩል ሽቅብ ሲመጣ ሸለቆው ሁሉ ነጭ ይሆናል፡፡ የእሳቸው በረዶ ያ ነው፡፡

ንጉሥ ሚካኤልን ፍጹም ሰው አድርጎ ማቅረብ ታሪክን መበደል ነው፡፡ ያስገደዱት አለ፤ የተገደዱትም አለ፡፡ ያሸነፉት አለ፤ የተሸነፉትም አለ፡፡ ዙፋናቸው ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ነው የጸናው፡፡ ያሠሩት አዳራሽ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ክረምት ወርዶበት ቆሟል፡፡ በደሴና በኮምቦልቻ ዳገቶች ላይ ዛሬ ቤት የምንሠራ ሰዎች ካፒታል አለን፣ ሲሚንቶ አለን፣ ዶዘር አለን፡፡ ከመቆፈራችን በፊት አንድ ቀን፣ በተለይ ዝናብ ባለበት ቀን፣ ወደ አይጠየፍ ወጥተን ብንቆም አንጎዳም፡፡